ከደሴ መውጣት፣ ደሴ መውጣት

እንግሊዝኛ ተማሪን የሚያደክመው ረጃጅሙ ቃል አይደለም። ረጅም ቃል አንዴ ከተሸመደደ ታማኝ ነው፤ በገባበት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ያንኑ ይላል። የሚያደክመው «ጌት» ነው። መጀመሪያ «ማግኘት ማለት ነው» ተብሎ ይሰጠናል። ከዚያ «አፕ» ስትከተለው ከእንቅልፍ መነሣት፣ «አውት» ስትከተለው መውጣት፣ «ኢን» ስትከተለው መግባት፣ «ኦፍ» ስትከተለው ከአውቶቡስ መውረድ፣ «ኦቨር» ስትከተለው ደግሞ ሐዘንን መርሳት ሆኖ ይመጣል። ማግኘቱ የት እንደ ቀረ የሚነግረን የለም። ይህን ዝርዝር በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ገልብጦ ለፈተና ያልተሸከመ የደሴ ተማሪ ካለ ወይ ዕድለኛ ነው ወይ ቀሪ ነበር።

እንግሊዞቹ ግን ይኮሩበታል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ሰት» ለምትባል አንዲት ግስ ብቻ 430 ፍች ዘርዝሯል። ሌናርድ ታልሚ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ለዚህ ጠባይ ምክንያት የሚሆን ነገር ሰጠ። ቋንቋዎች ስለ ጉዞ ሲናገሩ አቅጣጫውን የሚያኖሩበት ቦታ ይለያያል። እንግሊዝኛና መሰሎቹ አቅጣጫውን ከግሱ ውጭ፣ በትንንሽ ተከታይ ቃላት ያስቀምጡታል፤ ግሱ ከዚህ ሸክም ነጻ ስለሚሆን አካሄዱን ይናገርበታል፤ ይሮጣል፣ ይድኻል፣ ይንሳፈፋል። ስፓኝኛና ሴማውያን ቋንቋዎች አቅጣጫውን ግሱ ሆድ ውስጥ ይከቱታል። «ልጁ እየሮጠ ገባ» ስንል ቁም ነገሩ መግባቱ ነው፤ ሩጫው አጃቢ ሆኖ ከፊት ይቀድማል። ገባ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ እያንዳንዳቸው መንገዳቸውን ይዘው የተወለዱ ናቸው። «ጌት» አምስት ትንንሽ ቃላት አስከትላ በዞረችበት ቦታ እኛ አምስት ግስ እናሰልፋለን።

መልካም አከፋፈል ነው። የሚያስቸግረው ወጣ ላይ ሲደርስ ነው።

ወጣ መንገዱን ይዞ ከተወለደ የትኛውን መንገድ ነው የያዘው? ከቤት የወጣ ሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ሄዷል፤ ደጁ ሜዳ ይሁን ገደል ግሱ አይገደውም። የጦሳን ተራራ የወጣ ሰው ከታች ወደ ላይ ሄዷል፤ ከምን ውስጥ ወጣ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እንግሊዝኛ በሁለት ቃል የሚለየውን እኛ በአንድ ግስ እንለዋለን፤ ስንለውም ሁለት ነገር እንዳልን አይሰማንም።

ግዕዝ ይለያቸው ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ በግዕዝ ወፅአ ነው፤ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት መጽሐፍ ኦሪት ዘፀአት የተባለው ከዚሁ ነው። ወደ ላይ መሄድ ዐርገ ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ የሚውለው በዓል ዕርገት የሚባለው፣ መዓርግም መዓርግ የሆነው ከዚህ ነው። ፀሐይ ደግሞ የራሷ ግስ ነበራት፤ ሠረቀ፣ ምሥራቅን የወለደው። (ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ በአንደበታችን አንድ ከሆኑ ወዲህ የፀሐይ ንጋትና የሌባ ሥራ በአንድ ድምፅ ቀርተዋል፤ ይህን ደብተራ ካልሆነ ማንም አያስተውለውም።) አማርኛ ዐረገን ለጌታና ለእመቤታችን ትቶ የቀረውን ሁሉ ለወጣ አስረከበ። ፀሐይም ወጣች፣ ተራራ ወጪውም ወጣ፣ እስረኛውም ወጣ። ዘፀአትና ዕርገት በአንድ ግስ አደሩ።

የትኛው መንገድ ነው የሚለውን ጥያቄ ደሴ ላይ ሆኖ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከተማዋ ሁለቱን መንገዶች በየቀኑ ታጋጥማለች። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። እንግሊዝኛ ፀሐይን «ኬም አፕ» ሲላት ከአድማስ ተነሣች፣ «ኬም አውት» ሲላት ከደመና ተገለጠች ማለቱ ነው። ደሴ ላይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ረዘም ያለ ጊዜ አለ። ፀሐይ በአፋር ሜዳ ላይ ከተነሣች በኋላ የአዝዋን ጀርባ ስትወጣ ትቆያለች፤ ፒያሳ የቆመ ሰው ሰማዩ በርቶ እያየ እሷን አያያትም። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከተራራው ብትወጣም ከጉሙ አትወጣም። ሰውየው ጋቢውን እንደ ተከናነበ ይጠብቃል። ሙቀቷ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ብቻ «ፀሐይ ወጣች» ይላል። ይህን ሲል ስለ ሰማይ እየተናገረ አይደለም። እሱ ያለበት ድረስ መድረሷን፣ ለእሱ መታየቷን ነው የሚናገረው።

እንግዲህ የሁለቱ ፍች መገናኛ እዚህ ይሆን? ከውስጥ ወደ ውጭ የሄደም፣ ከታች ወደ ላይ የሄደም ሰው የሚታይበት ቦታ ደርሷል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያስኬዳቸዋል፤ ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ያው የሄደበት አፋፍ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ከፍታ። የሕፃን ጥርስ ወጣ፣ ምሥጢር ወጣ፣ ጋዜጣ ወጣ፣ አዋጅ ወጣ፣ የፈተና ውጤት ወጣ። ውጤት ራሱ የዚሁ ግስ ልጅ ነው። ሁሉም ቦታ ተሸሽጎ የነበረ ነገር ይገለጣል።

ስም ማውጣትም ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ለልጁ ስም ይሰጣል፤ እኛ እናወጣለን፤ ስሙ ልጁ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወጣው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል። ለደሴ ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው ይባላል፤ ደስ ብሏቸው። ከተማ ያደረጓት ራስ ሚካኤል ናቸው፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፤ አይጠየፍ አዳራሽንም ለግብሩ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ፒያሳ የሚለውን ግን ማንም አላወጣውም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ትቶልን የሄደው ቃል ነው፣ ከውስጥ የወጣ ሳይሆን ከውጭ የገባ። በአገሩ ልጆች አፍ ፒያሳ ሜዳማ አደባባይ ነው። ደሴ ውስጥ ሜዳማ ነገር ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ቃሉን ግን ማንም እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። ከጦሳ ወገብ ካለ ሰፈር ቁልቁል የሚመጣው ሰው እንኳን ቤተሰቡን «ፒያሳ ወጣ ብዬ ልምጣ» ብሎ ነው የሚሰናበተው። እየወረደ ይወጣል። ማንም አያርመውም።

የመገለጥ ሐሳቡ ደስ ቢለኝም ሩቅ አይወስደኝም። ገንዘብም ይወጣል፤ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ከዚያ በኋላ አይታይም፣ ወጪ የምንለው ለዚያ ነው። ነፍስም ትወጣለች፤ ማንም አላያትም። እዚህ ላይ አማርኛ ሌላ ነገር ይሠራል። የምናከብረው ሰው ሲሞት ወጣን አሽቀንጥረን «ዐረፉ» እንላለን። «ነፍሱ ወጣች» የምንለው ለማናከብረው፣ ለከብት ወይም በቁጣ ላይ ሳለን ነው፤ «ነፍስህ ይውጣ» እርግማን መሆኑን ልጅ እንኳ ያውቃል። ነፍስ ወደ ውጭ ወጣች ወይስ ወደ ላይ ወጣች የሚለውን ለመወሰን ስንፈራ ይሆን? እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢሆን ከሁለቱ ትንንሽ ቃላት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነበር፤ በመረጠ ጊዜም ሃይማኖቱን ተናግሯል። እኛ ሳንመርጥ ልንናገር እንችል ነበር፤ ለወዳጅ ሲሆን ግን ያንንም አንፈልገውም፣ መንገድ የሌለበት ግስ እንፈልጋለን።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ «ለ» ስትጨመርበት የሚሆነው ነው። ዕቁብ ወጣላት። ሎተሪ ወጣለት። ኮንዶሚኒየም ወጣላቸው። ቀን ወጣለት። በሁሉም ውስጥ ሰውየው ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ የወጣው ሌላ ነገር ነው፣ ወደ እሱ። ተማሪ ግን አንደኛ ይወጣል። እዚህ ላይ ከክፍሉ ልጆች መካከል ወጣ ወይስ ከእነሱ በላይ ወጣ ብትለኝ መልስ የለኝም፤ መካከለኛ የሆነው ልጅም ሃያኛ ስለሚወጣ ከፍታው አይረዳንም። ተማሪ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንን ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የወጣ ነው ሲባልም የደሴ ሰው ኩራቱን እንጂ አቅጣጫውን አይጠይቅም። ሐዘንተኛ ደግሞ አልቅሶ «ወጣልኝ» ይላል። ምን እንደ ወጣለት አይነገርም፤ ባለቤት የሌለው ግስ ነው፣ እንደ መሸና እንደ ነጋ። እንግሊዝኛው «ጌት ኦቨር» የሚለው በሐዘን ላይ ተራምዶ ማለፍን ነው፣ ሐዘኑ ከኋላ እንደ ጉቶ ቆሞ ይቀራል። የእኛው ሐዘን ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። የትኛው ለእውነት እንደሚቀርብ ያለቀሰ ሰው ይፍረድ።

ግስን ለማወቅ ተቃራኒውን መጠየቅ የቆየ ዘዴ ነው። የገዛ ተቃራኒው ሸጠ፣ የሳቀ ተቃራኒው አለቀሰ። ወጣን ስትጠይቀው ሁለት ይሰጥሃል፤ ገባ እና ወረደ። ሁለቱ ተቃራኒዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ የገባ ሰው ወረደ ማለት አይደለም፣ የወረደም ገባ ማለት አይደለም። ወጣ ብቻ ነው በሁለቱም ፊት የሚቆመው። በመንገድ ላይ ያለውን ሰው ወጪ ወራጅ እንለዋለን፤ በመዝገብ ላይ ያለውን ገንዘብ ገቢና ወጪ እንለዋለን። የማይመች መሬት ወጣ ገባ ነው። የማይመች ኑሮ ግን ውጣ ውረድ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ወጣ ከገባ ጋር ሲጣመር ምርቃት ይሆናል። በወሎ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ሲደረግ፣ ሼኹም ቄሱም፣ የአገር ሽማግሌውም «በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ» ይላሉ፤ ተቀማጩም «አሚን» ወይም «አሜን» ይላል፣ እንደየቤቱ። አንዳንዱ ቤት ሁለቱም ይባላሉ። ወጣ ከወረደ ጋር ሲጣመር ግን ድካም ነው። «ስንት ውጣ ውረድ አይቼ» የሚል ሰው ተራራ አልወጣ ይሆናል፤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የከረመ ነው። ሰው አንድ ዓይነት ነገር አድርጎ፣ ማለትም ካለበት ተነሥቶ ሄዶ፣ የትኛው ወጣ እንደ ነበር የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ሲነግረው። ከገባ መውጣቱ የቤተኛ መውጣት ነበር። ከወረደ ደግሞ መውጣቱ ከፍታ ነበር፣ ከፍታነቱም የታወቀው ሲያጣው ነው።

ፒያሳ ላይ ቆሞ ታክሲዎቹን የሚያዳምጥ ሰው ግሶቹ ደንብ ሲያፈርሱ ይሰማል። ታክሲ ውስጥ እንገባለን። ከታክሲ ግን አንወጣም፤ እንወርዳለን። «ወራጅ አለ!» ነው የሚባለው፤ «ወጪ አለ!» ያለ ተሳፋሪ ቢኖር ሹፌሩም ረዳቱም ዞረው ያዩታል። አንድ ሰው «ከታክሲው ወጣ» ከተባለ አደጋ ደርሶ በመስኮት ሾልኳል፣ ወይም በክርክር ተጎትቷል። ለምን? እኔ የምጠረጥረው በቅሎን ነው። ከበቅሎ ይወረዳል፤ ከጭነት መኪናም ጀርባ ይወረዳል። ሚኒባሱ መግቢያውን ከቤት፣ መውረጃውን ከበቅሎ ወርሶ ሁለቱን ሳያስማማ ይኖራል። እንግሊዝኛውም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የለውም፤ መኪና ውስጥ «ኢን» ይላል፣ አውቶቡስ ላይ «ኦን» ይላል፣ ለምን ቢሉት መልሱ «እንዲሁ ነው» ነው።

አሁን ወደ ተራራው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንድ ምክንያት ቶሎ ይመጣለታል፤ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። የምንኖረው ገደልና ሸለቆ በበዛበት አገር ነው። ከወንዝ የወጣ ሰው ሽቅብ ወጥቷል፤ ከጉድጓድ የወጣ፣ ከቆላ የወጣ፣ ከበረሃ የወጣ እንደዚሁ። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል በገደል እየተጣበበ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ከዚያ ጠባብ ውስጥ መውጣት ማለት መቼም ሽቅብ መሄድ ነው ይላል። ስለዚህ መሬቱ ግሱን ሠራው። የሚያምር ሐሳብ ነው። ግን ትግርኛ አለ። ትግርኛ የሚነገርበት አገር ከወሎ ያነሰ ገደል የለውም፤ ትግርኛ ግን ወጸአንና ደየበን እስከ ዛሬ ለያይቶ ይዟል። በሌላው በኩል የግብፅ ዐረብኛ አለ። ካይሮ የሚኖር ሰው «ጠለዐ» ሲል መውጣትንም ሽቅብ መሄድንም ማለቱ ነው፤ በአባይ ዳር፣ ሜዳ ላይ። ሳዑዲ ሠርተው የተመለሱ የወሎ ሴቶች ይህችን ግስ ቶሎ የሚይዟት፣ አሠሪያቸው ከክፍል ውጪ ሲላቸውም ፎቅ ውጪ ሲላቸውም ሲሰሟት ስለ ኖሩ ይሆናል። ገደሉ ግሱን አልሠራውም። ቢበዛ ግሱ ገደሉ ላይ ሲደርስ ምቾት አግኝቷል።

ዕብራይስጥ ደግሞ በተቃራኒው ሁለቱን አጥብቆ ይለያል፤ ለአንደኛውም ክብር ይሰጠዋል። ወደ እስራኤል ምድር መግባት ዐሊያ ነው፣ ወደ ላይ መውጣት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወሰዱ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥተው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አውሮፕላን ማረፊያ ነው ያረፉት። በሜትር ከቆጠርነው ወረዱ። በዕብራይስጥ ግን ወደ ላይ ወጡ፣ ሌላ ግስ ማለት ነውር ነው። በአማርኛ «ወጡ» ቢባል ማንም አይከራከርም፤ ከአገር መውጣታቸውን የሚያዝነውም፣ ወደ ተስፋቸው መውጣታቸውን የሚያመሰግነውም በዚያው ቃል ይስማማል። እዚህ ላይ የእኛ ግስ ከዕብራይስጡ ይልቅ ሐቀኛ ይመስለኛል፤ ጉዞው ከፍታ መሆኑን አስቀድሞ አይምልም።

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ሐረጎ አለ፣ ጠመዝማዛው። የኮምቦልቻ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ደሴ ይወጣል፤ የደሴ ሰው ብርድ ሲያንገፈግፈው ወይም አውሮፕላን ሲሳፈር ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሾፌሮች አሰብ ድረስ በሚሠሩበት ዘመን ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል አሰብ ይወርዱ ነበር፣ ዛሬ ጅቡቲ ይወርዳሉ። በዚህ መንገድ ላይ ግሱ ምንም አያደናግርም። ማደናገር የሚጀምረው «ከ» ስትገባ ነው። «ደሴ ወጣሁ» ያለ ሰው ሽቅብ መጥቷል። «ከደሴ ወጣሁ» ያለ ሰው ቁልቁል ሄዷል። እዚህ ላይ ታልሚን ትንሽ መሞገት ይቻላል፤ አቅጣጫውን ሁሉ ግሱ ተሸክሞታል ያልነው ቋንቋ፣ ቁርጥ ሲመጣ አንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። እንግሊዝኛን በትንንሽ ቃላቱ የምንታዘበው የራሳችንን ሳናይ ነው። የእኛዋ ትንሽ ቃል ከፊት ስለምትቀድም አናያትም እንጂ ሥራው አንድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ይህች ፊደል ከባድ ሸክም ተሸክማ ነበር። ከራያና ከወልዲያ በጦርነት የወጣው ሰው አስቀድሞ ደሴ ገብቶ ትምህርት ቤቶቹን ሞልቶ ነበር። ጥቅምት ሲገባደድ ደሴም ተራዋ ደረሰ። ከደሴ ወጣን የሚሉ ሰዎች ሐረጎን ነው የወረዱት፤ በመኪና፣ በእግር፣ ፍራሽና ሕፃን ይዘው። ኮምቦልቻም በቀናት ውስጥ ተያዘች። ከኮምቦልቻ ቀድመው የወጡት ከሚሴን አልፈው ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ጣርማ በርን ወጥተው ደብረ ብርሃን ገቡ። ኅዳር ማብቂያው ላይ ሁለቱ ከተሞች በመንግሥት ሠራዊት እጅ ሲመለሱ፣ የሄደው ሰው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሐረጎን ወጣ። ይህን ሲያወራ ምን ይላል? «ከደሴ ወጣን» ብሎ መሰደዱን ይናገራል። «ደሴ ወጣን» ብሎ መመለሱን ይናገራል። የስደቱና የመመለሱ ግስ አንድ ነው። ታሪኩን የሚሰማ እንግዳ «ከ»ን ካመለጠችው ሁለት ጊዜ የተሰደደ ወይም ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ይመስለዋል። ቤቱ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ የጠበቀው ሰው ደግሞ እንግዳው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ሊል ይችላል።

በዚያው ሰሞን ወታደር የሚለው ቃልም ይነሣ ነበር። ወጥቶ አደር ነው ይላሉ የቃል ምንጭ የሚቆጥሩ፣ ከቤቱ ውጭ የሚያድር ሰው። ያኔ ቃሉ ለከተማው ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ጎረቤቱም፣ አሮጊቷም፣ ተማሪውም ወጥቶ አደር ሆኖ ነበርና።

ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ግሶችን ለብቻቸው ከመፍታት ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስቀመጠ ፈታቸው። ጥበቡ ይህ ነው፤ ግስን ብቻውን ይዞ መጠየቅ ምስክርን ያለ ጉዳዩ እንደ መጥራት ነው። ሆኖም ወጣ ከዐረፍተ ነገርም በላይ ይፈልጋል። ታሪኩ ሲያልቅ የሚመጣውን ግስ ይፈልጋል።

ለዚህም ደቡብ ወሎ ምስክር አያጣም። ከዚህ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። «ከአገር ወጣች» ይባላል፤ ወጪዋ ቀድሟት ወጥቷል፣ ከብት ተሸጦ ወይም ዕዳ ተገብቶ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመለሱት መካከል የወሎ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። የአንዲቱን መንገድ በግስ ብንቆጥረው፣ ከአውሮፕላን ወረደች፣ አገሯ ገባች፣ ሐረጎን ይዛ ደሴ ወጣች። ሁለቱንም ተቃራኒዎች በአንድ ሳምንት ተጠቅማለች። ከሁለቱ የትኛው የመጀመሪያውን መውጣቷን እንደሚፈታው ግን እሷም ቤተሰቧም አንድ ቃል የላቸውም። እናት «ልጄ ገባች» ትላለች። አበዳሪ «ወረደች» የሚል ይመስላል፣ ባይናገረውም። ራሷን ብትጠይቃት ሦስተኛ ነገር ትላለች፤ «አልወጣልኝም»።

ስለዚህ እንደገና የሚወጡ አሉ። በአየር ያልሆነላቸው በእግርና በጭነት መኪና በባቲ አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ሽማግሌዎቹ ሲመርቋቸው እንደ ወትሮው «ወጥታችሁ ግቡ» ይሏቸዋል። ከባቲ ወዲያ መንገዱ እስከ ባሕር ድረስ ቁልቁለት ነው።